አርባ አንድ ነጥብ

ከተማው ዳር ባለው የሥነ ፈለክ ተቋም የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ እትዬ ነጥብ ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ግን ልክክ ብሎባታል። ቴሌስኮፑ ሰማዩን በትልልቅ መስታወት ላይ ፎቶ ያነሳዋል፤ መስታወቱ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ እሷ ክፍል ይመጣል፤ እሷም ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ታጋድመውና በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብላ ከዳር እስከ ዳር ትለቅመዋለች። መስታወቱ ላይ ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው፤ ሰማዩ ነጭ፣ ኮከቡ ጥቁር። ኮከብ ጥርት ያለ ጠብታ ነው። ጋላክሲ ግን፣ አንዱ ብቻ በቢሊዮን የሚቆጠር ኮከብ የያዘ ቢሆንም፣ ከርቀቱ የተነሳ ጣት የነካው ይመስል ብዥ ያለ ጉድፍ ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲህ ያሉ ጉድፎች ሃምሳና ከዚያ በላይ ሆነው አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ ፕሮፌሰሮቹ ክላስተር ይሏቸዋል። እሷ መንጋ ትላቸዋለች። መንጋ ባገኘች ቁጥር በመስታወቱ ጀርባ ላይ በቀጭን ብዕር አንድ ቀይ ነጥብ ታደርግና ቦታውን በመዝገብ ታሰፍራለች።

ወደ ሥራው ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እሱ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበር። ፀጉሯን አበጥሮ፣ ካልሲዋን ጠቅሞ፣ ማታ ማታ ሂሳብ አስጠንቶ ያሳደጋት እሱ ነው። ሚስት ያገባው እንኳ እሷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ ነው። ሌላው ሰው ፕሮፌሰር ይለዋል፤ እሷ ግን እንግዳ ፊትም ቢሆን ወንድም ጋሼ ነበር የምትለው። የተቋሙ ክፍል ኃላፊ እንደሆነ «ለጊዜው ነው፤ ሌላ እስክታገኚ» ብሎ መቁጠሪያ ክፍል አስቀመጣት። ጊዜው ሃያ ዓመት ሆነ። በመሐሉ እሱ የተቋሙ የበላይ ሆነ፤ እሷ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ቀረች። አላማረረችም። ሥራው ደስ ይላት ነበር፤ ደግሞም እሱን ለማስደሰት ማርፈድ እንኳ አታውቅም።

ወንድሟ ስሙን ያገኘው በአንድ ሐሳብ ነው። ሰማይን በጥቂቱ ሲያዩት ዝብርቅርቅ ይምሰል እንጂ በሰፊው ሲያዩት መንጋዎቹ እጁ የለመደ ገበሬ እንደ በተነው ዘር እኩል ተበትነዋል ይላል። ይህንን የጻፈበት መጽሐፍ በብዙ አገር ማስተማሪያ ሆኗል። የጎደለው ማስረጃ፣ ማለትም ቆጠራ ነበር። ታላቁ መዝገብ የተባለው ሥራ የተጀመረውም ለዚሁ ነው።

ከቆጠራው ጎን ርቀት የሚለካ ሌላ ሰው ነበር። የጋላክሲዎቹን ብርሃን በመሣሪያ ወደ ቀለማቱ ይተነትነዋል፤ ቀለሙ ወደ ቀይ ባመዘነ መጠን ጋላክሲው የራቀ ነው። በዚህ ምክንያት ጋሽ ቀስተ ደመና ይሉታል። ነገረኛ፣ ሲጋራውን ሳይለኩስ የሚያኝክ፣ አንድ ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ቀን የሚፈጅ ሽማግሌ ነው። ከእትዬ ነጥብ ጋር ግን ይዋደዱ ነበር። እሷ «እዚህ አለ» ትለዋለች፤ እሱ «ይህን ያህል ይርቃል» ይላታል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ተባብለው ሠሩ።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነጥቦቹን ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ወረቀት መገልበጥ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። የግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ወረቀት ለጥፋ ቅርብ ያሉትን መንጋዎች በአረንጓዴ፣ መካከለኞቹን በሰማያዊ፣ ሩቆቹን በጥቁር ነጠበች። የመጨረሻውን ሰማያዊ ነጥብ አድርጋ ከወንበሩ ወረደችና ወደ ኋላ ስትል፣ መሐል ላይ አንድም ሰማያዊ የሌለበት ሰፊ ቦታ አየች። ሰማያዊዎቹ ሰው ገፍቶ ያስጠጋቸው ይመስል የባዶውን ዙሪያ ይዘዋል። ከዳሩ ደግሞ የነጥብ ሰንሰለት እየተነሳ አነስ ወዳለ ሌላ ባዶ ይሄዳል። ሳፋ ላይ እንደሚቆም የሳሙና አረፋ ነው፤ መንጋዎቹ ያሉት በአረፋው ቆዳ ላይ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም።

መጀመሪያ የተጠራጠረችው ራሷን ነው። ጋሽ ቀስተ ደመናን ለመነችውና የመስታወቶቹን ቁጥር በወረቀት ሸፍኖ፣ ነጥባቸውን በአልኮል ጠርጎ፣ እንደ ካርታ በውዞ ሰጣት። የቱ መስታወት የትኛው ሰማይ እንደሆነ ሳታውቅ ሁሉንም እንደ አዲስ ቆጠረች። ሁለት ዓመት ፈጀባት። ሽፋኑ ሲነሳ ባዶው እዚያው ባዶ ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን አይቶ አይቶ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ።

«ነጥቤ፣ ይህን በስምሽ ጽፈሽ ላኪው» አላት። «ለወንድምሽ በኋላ ንገሪው። እኔ አብሬሽ እፈርማለሁ።»

እሷ ግን ይህንን እንደ ክህደት ቆጠረችው። ለእሱ ሳትነግር? ያሳደጋትን ሰው ከኋላው? ደግሞም ደስ ይለዋል ብላ አስባ ነበር። ሞኝነቷ ዛሬ ይገርማታል።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወረቀቱን ጠቅልላ ቢሮው ይዛለት ሄደች። ጠረጴዛው ስላልበቃ ወለሉ ላይ ዘረጉት። ወንድሟ ተንበርክኮ አየው፤ በጣቱ የባዶውን ዳር ተከትሎ አንድ ጊዜ ዞረው። ያን ቀን ልቡ እንዳመናት እስከ ዛሬ ትምላለች።

«አቧራ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አቧራ ቢሆን ከበስተጀርባው ያሉትንም ይጋርድ ነበር። ጥቁሮቹ በባዶው በኩል አልፈው ይታያሉ እኮ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እንግዲያው ዓይንሽ ነው።»

በቁጣ አልተናገራትም። በዚያው ሳምንት ወዳጁ የሆነ የዓይን ሐኪም ዘንድ ራሱ በመኪናው ወሰዳት፤ ወረፋ ሲጠብቁም ኮቱን አልብሷት ነበር። ሐኪሙ በግራ ዓይኗ ላይ ጅምር ሞራ አገኘና ጻፈው። እትዬ ነጥብ ሃያ ዓመት ሙሉ የቆጠረችው ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ እንደሆነ ለሐኪሙ ነገረችው። እሱም እውነት ነው፣ ቀኙ እንደ ጭልፊት ዓይን ነው አላት። ወረቀቱ ላይ ግን «ሕመምተኛዋ የዓይን ሞራ ጀምሯታል» የሚል ብቻ ነበር የሰፈረው። ወንድሟ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ከአንድ ወር በኋላ መቁጠሪያ ክፍሏ ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ቀስ አድርጎ አስረዳት። በባዶው በኩል ያሉት አሥራ ሁለት መስታወቶች ምስላቸው ደካማ ነው ይባል፤ ስለዚህ በእነሱ ላይ ብቻ ሃምሳ የሚለው ደንብ ወደ ሠላሳ ይውረድ፤ አጠራጣሪ የተባሉት ሁሉ ይግቡ። የዘሩ ስሌት ልክ ከሆነ አርባ ያህል መገኘት አለባቸው። ርቀታቸው በግምት ይሞላል። ምስሎቹ ደካማ አይደሉም ብትለውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መዝገቡ በመጽሐፉ ላይ ከመጣበት ተቋሙ እንደሚዘጋ፣ ሠላሳ ሰው ከነቤተሰቡ እንደሚበተን ነገራት።

«እኔ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አላት።

ሚስት ነበረችው፤ ሴት ልጅ ነበረችው። እትዬ ነጥብ ግን በዚያች ሰዓት የታያት ካልሲዋን የሚጠቅመው የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እሺ አለችው።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። መጀመሪያ የሠላሳዎቹን ደንብ ጠብቃ ለቀመች፤ አሥራ ዘጠኝ ብቻ ተገኙ። ከዚያ ሃያ አምስቶቹን አስገባች፤ ከዚያ እዚህም እዚያም የተበታተኑትን በግድ አንድ መንጋ አደረገች። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነጥቦች ያደረገችው አጉሊ መነጽሩን ሳትነካ ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ ቦታው ስለሳሳባት ብቻ። በጠቅላላው አርባ አንድ ሆኑ። ወንድሟ ትልቁን ወረቀት ለጥንቃቄ ብሎ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ።

መዝገቡ ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ያመጣው ለእሷ ነበር። የፊተኛውን ገጽ ገልጦ በጣቱ አሳያት። «ቆጠራ» ከሚለው ቃል ጎን ስሟ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተጽፏል። ስሟ በሕይወቷ ታትሞ ያየችው ያን ቀን ነው። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት፣ በዚያች ሰዓት ደስ ማለቷ ነው። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ አልቅሳለች።

ጋሽ ቀስተ ደመናም የራሱን ቅጂ ይዞ መጣ። ሰላም ሳይላት ገጹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው።

«እነዚህን አርባ አንዱን መቼ ነው የለካኋቸው?»

ቀይ ብዕሯን ከደነችው።

«እኔ አልለካኋቸውም። ፈጣሪም ልለካቸው ቢል አያገኛቸውም» አለና መጽሐፉን እዚያው ጥሎላት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ለሁሉም እጁን እየዘረጋ ተሰናበተ፤ የእሷን በር ግን አልፎት ሄደ።

መዝገቡ ተመሰገነ፤ ወንድሟም ተሸለመ። ስድስት ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያ በሌላ አገር ያሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች በአዲስ መሣሪያ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጋላክሲዎችን ርቀት ለክተው ሥዕሉን አወጡ። ባዶው ነበር። በዙሪያው የቆመው ግድግዳም፣ ሰንሰለቱም ነበር። ዓለም ተነጋገረበት። ጽሑፋቸው መጨረሻ አካባቢ አንዲት አጭር አንቀጽ ነበረች፤ ከዚህ በፊት በወጣው መዝገብ በዚህ ስፍራ የተጠቀሱት አርባ አንድ መንጋዎች የሉም፣ ስህተቱ ከቆጣሪዋ የመጣ ይመስላል ትላለች። ከሥሯም በትናንሽ ፊደል የእሷ ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተጠቅሷል።

በዚያው ዓመት የሙያው ሰዎች ትልቅ ጉባኤ በከተማው ተካሄደ። ወንድሟ ንግግር ነበረበት። ስላይዱን እንድትቀይርለት የጠየቃት እሷን ነው፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ብሎ። ከአዳራሹ ኋላ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ስታዳምጥ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት እጇን አወጣችና ስለ አርባ አንዱ ጠየቀችው። ወንድሟ መነጽሩን አወለቀ፤ በመሐረብ ጠረገው።

«የሚያሳዝን ነገር ነው» አለ። «ቆጣሪያችን የዓይን ሕመም ነበረባት። የሐኪም ወረቀት አለን። ለረጅም ዘመን ያገለገለች ታማኝ ሠራተኛ ስለነበረች ቅስሟን ለመስበር አልፈለግንም።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ ሰማች። ወንድሟ ወደ እሷ ሳያይ «ቀጥሎ ያለውን» አለ። እጇ ማሽኑን ተጫነ። ሥዕሉ የወጣቶቹ አረፋ ነበር፤ ግን ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ እንደታየ ተደርጎ የተሳለ። ወንድሟ በረጅም ዘንግ እያመለከተ፣ አረፋ ሁሉ በበቂ ርቀት ሲታይ መልሶ እኩል ይሆናል፣ ስለዚህ የዘሩ ሐሳብ አልተነካም፣ መለኪያው ብቻ ነው የሰፋው አለ። ትክክል ነበር። ተጨበጨበለት። እትዬ ነጥብ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት፤ ባዶው ከመጀመሪያውም ወንድሟን አይጎዳውም ነበር። ሐሳቡን ትንሽ ቢያሰፋ ኖሮ የዛሬ ስምንት ዓመት ለሁለቱም አብሮ በተጨበጨበላቸው። አርባ አንዱ ውሸት ለምንም አልበጀም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ገብታ በሩን ዘጋች።

«ለምን እንደዚያ አልክ?» አለችው።

ካፖርቱን እየሰቀለ ነበር። «አንቺን ማን ያውቅሻል?» አላት፤ ሊያጽናናት የፈለገ ይመስል ለስለስ ብሎ። «ነገ ይረሱታል። እኔ ላይ ቢሆን ግን አይረሱትም።»

«ስሜን ያስገባኸው ለዚህ ነው?»

ካፖርቱ ከመስቀያው ሸርተት ብሎ ወደቀ፤ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አነሳውና አቧራውን ማራገፍ ያዘ። እስክትወጣ ድረስ ያራግፍ ነበር።

ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ በንዴት ግን አልነበረም። እንዲያው ሆድ ባሳት። ለሁለቱ ወጣቶች ደብዳቤ ልትጽፍ ወሰነችና ምስክር ይሆናት ዘንድ ጋሽ ቀስተ ደመና ቤት ሄደች። ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ አዳመጣት፤ ግቢ አላላትም። ከስምንት ዓመት በፊት እሺ ብትይኝ ኖሮ እፈርም ነበር፣ አሁን የምፈርመው ለየትኛው ነጥብሽ ነው፣ ለፊተኛው ወይስ ለኋለኛው ብሎ ጠየቃት። በሩን በዝግታ ዘጋው።

ደብዳቤውን ብቻዋን ላከች። ያየችውን፣ ሁለቴ የቆጠረችውን፣ ከዚያም ያጠፋችውን ሳትደብቅ ጻፈች። በአራት ወሩ መልስ መጣ። በጣም ትሁት ነበር። እንደሚያምኗት፣ እንዳዘኑላት፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ወረቀት ካልተገኘ የታተመውን ማረም እንደማይችሉ ገለጹላት። ወረቀቱ በእጅዎ ይገኛል ወይ ብለውም ጠየቁ። መስታወቶቹ ላይ አርባ አንዱን በገዛ እጇ የጨመረችው እሷ ናት። ወረቀቱን ደግሞ ማን እንደወሰደው ታውቃለች።

ከሥራ ለመልቀቅ ስትጠይቅ የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊዋ ፋይሏን አገላብጣ ምንም ችግር እንደሌለ ነገረቻት፤ የሐኪም ወረቀት ስላለ በሕመም ምክንያት ማሰናበት ይቻላል። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የዓይን ሕመም» ብላ ጻፈችና ከታች አስፈረመቻት። እትዬ ነጥብ ፈረመች። እንደዚህ ያለ ነገር ሥር ስሟን ማየት ለምዳለች።

ሦስት ዓመት የወንድሟን ቤት ሳትረግጥ ቆየች። አንድ ቀን የወንድሟ ልጅ ደወለችላት። «አባዬ ስምሽን እየጠራ ነው፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ሄደች። ወንድሟ መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ነበር፤ እጁ ከስቶ የሰዓቱ ማሰሪያ እስከ ክርኑ ይንሸራተታል። እንድትቀመጥ በዓይኑ አመለከታት። ልጁ ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች።

ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ይቅር ማለት አለማለቷን አውቶቡስ ውስጥ ስታወጣ ስታወርድ ነው የመጣችው።

«ያን ወረቀት አቃጠልኩት» አላት። «የዚያኑ ሳምንት።»

«አውቃለሁ።»

«ዓይኔን ስከድን ሊመጣልኝ ይሞክርና ይጠፋል። ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። «ንገሪኝ እስቲ። መጀመሪያ ስታዪው ምን ይመስል ነበር?»

ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃዋለች። ሳህን ስታጥብ፣ መንገድ ስትሄድ፣ ማንም ሳይጠይቃት ለራሷ ስትመልሰው ኖራለች። አፏን ከፈተች። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ እንደነበር፣ ሰማያዊ ቀለም እንደነበረበት ታውቃለች። ባዶው ግን ወዴት ያዘነበለ ነበር? ሰንሰለቱ የተነሳው ከላይ ነው ከታች? ዓይኗን ጨፍና ስትፈልገው የመጣላት እንደ ኬክ ቁራሽ የተቆረጠው፣ በጥቁር ቀለም የታተመው፣ በየመጽሔቱና በየመጽሐፉ ያየችው የወጣቶቹ ሥዕል ነው። ደግማ ፈለገች። ያው እሱ ነው። የራሷ ከሥሩ አልነበረም።

ወንድሟ ይጠብቃል።

እሷም የወጣቶቹን ሥዕል ነገረችው። ግድግዳው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ባዶው የቱን ያህል እንደሆነ፣ ሰንሰለቱ እንዴት ታጥፎ እንደሚሄድ በእጇ አየሩ ላይ እየሳለች አስረዳችው። እሱ ዓይኑን ከድኖ በጣቱ አንሶላው ላይ ተከተላት።

«አዎ» አለ። «እንደሱ ነበር።»

የነገረችው የእሷ አልነበረም፤ ግን አላረመችውም። ልጁ ሻይ ይዛ ስትገባ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። አክስቴ፣ ትንሽ ቆዪ እንጂ ብትላት አውቶቡስ ያመልጠኛል አለቻት። አውቶቡሱ በየሩብ ሰዓቱ እንደሚያልፍ ሁለቱም ያውቃሉ። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ሞተ። ጋዜጣው ግማሽ ገጽ ጻፈለት፤ ሰማይ እንደ ዘር እኩል መበተኑን፣ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ እንደ አረፋ መሆኑን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር ይላል። እህት እንዳለችውም በመጨረሻው መስመር ላይ ተጠቅሷል።